ቁጥር የሰጠኋቸው ሃያ ሦስት ካርዶች

ሰኞ፤ ለፈተናው 40 ቀን

ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ! ይህን እጅግ አሳዛኝ ዜና የማሰማው በጥልቅ ኀዘን ነው። በዚህ ቤት ለረጅም ዓመታት በቅንነት ሲያገለግል የኖረው ሰላም ዛሬ ከራት በኋላ በሁለት ባቡሮች ተገጭቶ ከመካከላችን ተለይቷል። አንደኛው ባቡር በሰዓት ሰባ ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው ዘጠና ይጋልቡ ነበር። ከየት እንደተነሱ ታውቋል፤ የት እንደሚገናኙ የሚያውቅ ግን እስካሁን አልተገኘም። ሟች አንድ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥንና ሁለት የቤተሰብ አባላት ትቶ አልፏል።

በሰው ቋንቋ ሲነገር፣ እታለም ልትፈተን ነው። እንደገና።

እታለም በሰባት ዓመት ታላቄ ናት። ክሊኒክ ውስጥ ላቦራቶሪ ትሠራለች። የሰው ደም በብልቃጥ ስታይ ቅንጣት አትደነግጥም፤ ክፍልፋይ ስታይ ግን ፊቷ ይነጣል። ለሁለተኛ ዲግሪ የመግቢያ ፈተና አለ። አምና የቋንቋውን ክፍል እሷ ቦጫጨቀችው፤ የቁጥሩ ክፍል ደግሞ እሷን ቦጫጨቃት። ማለፊያው ከአርባ ሃያ ስድስት፣ እሷ ሃያ አራት። ዘንድሮ ካለፈች ክሊኒኩ የትምህርት ፈቃድ ይሰጣታል። ካላለፈች ተራው ለፋርማሲስቱ ይተላለፋል፤ ከእሱ ኋላ ስድስት ሰዎች ተሰልፈዋል። ተመልሶ እሷ ጋ እስኪደርስ ጥርሷ ይረግፋል።

የእኔ ድርሻ ይሄ ነው፦ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰችው የመለማመጃ መጽሐፍ ዓርብ ይመለሳል። እስከዚያ ጥያቄዎቹን በካርድ መገልበጥ። በስልክ ፎቶ ላንሳልሽ ብላት «ስክሪን ራሴን ያመኛል» አለች። ካርድ ነው የምትፈልገው፤ በጋዋን ኪሷ ይዛ በአንዱ ሰው ደምና በሌላው ሰው ደም መሃል የምታነበው። እኔ ቀለም ቤት ነው የምሠራው። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ግድግዳውን የሚያስቀባ ሰው ጠፍቷል። ስለዚህ በሥራ ፈትነቴ ጸሐፊ ሆኜ ተሹሜያለሁ።

ረቡዕ፤ 38 ቀን

ካርድ አገኘሁ። በሱቁ ጓዳ ውስጥ ፋብሪካው ማምረት ያቆማቸው ቀለሞች ናሙና ታስሮ ተቀምጧል። መዳፍ የምታህል ካርቶን ናት፤ ፊቷ ቀለም፣ ጀርባዋ ነጭ። ባለሱቁን ጋሼን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ እነዚህን ልውሰዳቸው?»

«ለምን?»

«ለትምህርት።»

«ማን? አንተ?» እስኪያስላቸው ሳቁ። «ውሰድ፣ ውሰድ። ሐኪምም ካስፈለገህ ንገረኝ።»

ጥያቄውን በነጩ በኩል፣ መልሱን በቀለሙ በኩል እጽፋለሁ። እታለም ከወዲሁ ጥያቄዎቹን በቀለም መጥራት ጀምራለች። «ያቺ ሐምራዊዋ ገደለችኝ» ትላለች።

ሐምራዊዋ እንዲህ ትላለች፦ «አንድ ቀለም ቀቢ አንድ ክፍል በስድስት ሰዓት ይጨርሳል፤ ጓደኛው በሦስት ሰዓት። አብረው ቢሠሩ በስንት ሰዓት ይጨርሳሉ?» መጽሐፉ በሁለት ሰዓት ይላል። ይህን የጻፈው ሰውዬ ቀለም ቀቢ አይቶ አያውቅም። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ካስገባሃቸው ሁለት ቀን ነው፤ አንዱ ቀን ለኳስ ወሬ።

ማታ ደግሞ እታለም የሃያ ሊትር ቀለም ጥያቄ ይዛ ተቀመጠች። ነጩ ሠላሳ በመቶ ነው፤ ግማሽ በግማሽ እንዲሆን ስንት ሊትር ነጭ ይጨመር? ወረቀቱን ሙሉ በእኩል ይሆናል ምልክት አጨቀየችው።

«ስምንት» አልኳት ካልሲዬን እያወለቅኩ።

«መልሱን አይተህ ነው።»

«ኧረ ገና አልጻፍኩበትም! ገልብጪው።»

ገለበጠችው። ባዶ ነው። «ታዲያ እንዴት አወቅከው?»

«ነጭ ያልሆነው አሥራ አራት ሊትር ነው አይደል? እሱን ማንም አይነካውም። እኩል እንዲሆኑ ነጩም አሥራ አራት ይግባ። ስድስት አለ። ስምንት ጨምሪ። ይሄ እኮ ሂሳብ አይደለም እታለም፣ ቀለም ነው።»

ትኩር ብላ አየችኝ። እንደዚያ ስታየኝ ደስ አይለኝም። ካልሲውን ወረወርኩባት።

ዓርብ፤ 36 ቀን

አለቀ! መቶ ሰማንያ ካርድ። ጣቴ ቅርጹን ቀይሯል። መጽሐፉ ተመልሷል።

አንድ ነገር ግን ለታሪክ ይመዝገብ። እያንዳንዱ ጥያቄ ሥር አምስት ምርጫ አለ፤ ሠ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ከተሰጠው መረጃ መልሱን ማወቅ አይቻልም» ይላል። በማተሚያ ቤት የታተመ ትልቅ መጽሐፍ እንዲህ ይላል! እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ይህችኑ ብዬ ነበር። «ማወቅ አይቻልም ቲቸር፣ የእርሻውን ወርድ አልሰጡንም» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ቲቸር ብቻ አልሳቀም። እስከ ደወል ተንበርክኬ ቆየሁ። እርግጥ ያን ጊዜ ልቀልድ ብዬ ነው። ይመስለኛል።

ካርዱም ጠባብ ስለሆነ ሠን ከሁሉም ላይ አባረርኳት። በምትኳ «ሠ. እማን ጠይቂ»፣ «ሠ. ተኚ»፣ «ሠ. ፋርማሲስቱ ያውቃል» ብዬ ጻፍኩ። ካርዱ ያስቃት ብዬ። አንዳንዶቹ ላይ ግን መልሱ ራሱ ሠ ነው። አያቸዋለሁ፣ ቁጥር ጎድሏቸዋል። ለምሳሌ አንድ አውቶቡስ በሰዓት ስልሳ እየሄደ አንድ ሰዓት ቀድሞ ወጥቷል፤ ከኋላ መኪና ይከተለዋል፤ በስንት ሰዓት ይደርስበታል? የመኪናው ፍጥነት የለም! አሳዘነኝ። ሰማንያ ሰጠሁት፣ በሦስት ሰዓት ይደርስበታል። ስንት እንደምትይዝ ላልተነገረ ገንዳም የእኛን ጣሪያ ላይ ያለችውን ስድስት መቶ ሊትር ሰጠኋት። ተማሪው ስንት እንደሆነ ላልታወቀ ክፍል አርባ ተማሪ ላክሁ። ምርጫዎቹንም አስተካከልኩ። በጠቅላላው ሃያ ሦስት ጥያቄ በእኔ ቸርነት ሙሉ ሆኗል። ደራሲው ሊያመሰግነኝ ይገባል።

ማክሰኞ፤ 32 ቀን

ሥራ በዛ። አንድ ሆቴል ውስጡን ሊያስቀባ ነው። አርባ ባልዲ አመድማ።

ሰዓት ያዥ እኔ ነኝ። ለአንድ ጥያቄ ደቂቃ ተኩል። የስልኬን ደወል በአህያ ጩኸት ቀየርኩት። የመጀመሪያዋ ቀን እታለም ከወንበሯ ብድግ አለች። እማም ከማድ ቤት ምንድን ነው ብላ ማማሰያ ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እታለም አህያው ከመጮሁ በፊት ትጨርሳለች። የማስተማር ዘዴ ይሏል ይሄ ነው።

እማ ለአክስታችን በስልክ ስታወራ ሰማሁ፦ «እሷስ መንገዷን ይዛለች፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። እሷ ስትሄድ ማን ይሰማዋል?» ይሄኛው ማን እንደሆነ አላወቅኩም። ድመታችን ይሆናል።

እሑድ፤ 27 ቀን

ከአሥር ስምንት! ትናንት ከአሥር ዘጠኝ! እታለም ሳህን እያጠበች አፏ ውስጥ የሆነ ዘፈን ታላምጣለች። ድምፅ የላትም። ግን አልቀለድኩባትም።

ዩኒቨርሲቲው በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ነው። ሁለት ዓመት። እኔና እሷ አንድ ክፍል በመጋረጃ ተካፍለን ነው የምንኖረው፤ ስለዚህ ስትሄድ ክፍሉ በሙሉ የእኔ ነው። አልጋዬን የት እንደማደርገው በሜትር ለካሁ። ሦስቴ ለካሁ። በደንብ ይገባል። ይገባል ግን ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ እዚያ ላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ቀለም አስቀምጥበታለሁ።

ቅዳሜ፤ 21 ቀን

የሙከራ ፈተና ቀን። አንድ ማሠልጠኛ ማዕከል ልክ እንደ ትክክለኛው አርባ ጥያቄ ነው የሚሰጠው። ጠዋት ሄደች። ስምንት ሰዓት ላይ ተመለሰች። አላየችንም። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተጋደመች።

አሥራ ዘጠኝ።

እሑድ፤ 20 ቀን

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልጻፈው፤ ዝናብ ነው፤ ሁሉም ተኝቷል ወይም የተኛ መስሏል።

ጠዋት እማ «ምኑ ነው የከበደሽ ልጄ?» አለቻት። እታለም ከመጋረጃው ማዶ ሆና እንዲህ አለች፦ «የከበደኝ ነገር የለም እማ። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ሁሉንም ሠርቼ ወጣሁ። መልሱ ሲነገረን ማወቅ አይቻልም የሚባሉት ብቻ ስምንት ነበሩ። አንድ አገኘሁ። በሰባቱ ከባዶ ቁጥር አውጥቼ መልሻለሁ። አምና እኮ እነሱን አልስትም ነበር! የተሰጠኝና ያልተሰጠኝ ተምታታብኝ። ጭንቅላቴ ደንዝዟል።»

እኔ ዳቦ በአፌ ይዤ ነበር። እንደያዝኩት መደመር ጀመርኩ።

አሥራ ዘጠኝ ሲደመር ሰባት ሃያ ስድስት። ማለፊያው ሃያ ስድስት። ደጋግሜ ደመርኩት፤ ሌላ ቁጥር አልሆን አለ።

እዚህ ደብተር ላይ ማንም አያየኝምና ግልጽ ላድርገው፦ ክፉ አስቤ አይደለም። ካርዱ ጠባብ ስለሆነ ነው። ካርቶኗ መዳፍ የምታህል ናት፣ አምስት ምርጫ አትይዝም። ደግሞስ ማን ይጎዳል ብዬ ነው? እንድትቀር ፈልጌ ቢሆን ኖሮ ካርዱን ከነጭራሹ አልጽፍም ነበር። ይሄ ግልጽ ነው። ለምን ደጋግሜ እንደምጽፈው አላውቅም።

ነገ እነግራታለሁ።

ማክሰኞ፤ 18 ቀን

አልነገርኳትም። ሆቴሉ ሃያ ባልዲ ጨመረ።

ሐሙስ፤ 16 ቀን

ቀጥ ብዬ ልናገር ቆርጬ ገባሁ። እታለም ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ ትጽፋለች። በትከሻዋ በኩል አየሁ፦ «… ዘንድሮ በፈተናው እንደማልቀርብና የትምህርት ፈቃድ ተራዬን ለቀጣዩ ባለሙያ የለቀቅኩ መሆኔን …»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰኞ ለኃላፊው የማስገባው ነው። ፋርማሲስቱ ቢያንስ አሁኑኑ መዘጋጀት ይጀምር።»

«ገና ሁለት ሳምንት እኮ ይቀርሻል!»

«ባጠናሁ ቁጥር እየባሰብኝ ከሆነ ሁለት ሳምንት ምን ያደርግልኛል?» ካርዶቹን በላስቲክ አስራ ሰጠችኝ። «እንካ። ለሱቃችሁ መልስላቸው። ደክመህበታል፤ አመሰግናለሁ።»

አመሰግናለሁ አለችኝ! ከእሷ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፤ 14 ቀን

ሞከርኩ። «እታለም፣ አንድ ሰው አንድ ነገር ቢያደርግና ...» አልኩ። «ደግሞ ምን ሰበርክ?» አለችኝ። «የስኳር ዕቃውን» አልኳት። የስኳር ዕቃው ደህና ነበር። ከዚያ ሄጄ ሰበርኩት፤ ውሸታም እንዳልባል።

ፈሪ። ፈሪ። ፈሪ።

እሑድ፤ 13 ቀን

ነገ ደብዳቤው ይገባል።

ጠዋት ከእንቅልፌ ተነስቼ ካርዶቹን ፈታሁ። ሃያ ሦስቱንም ሳልፈልግ አገኘኋቸው፤ ለየትኛው ምን ቁጥር እንደሰጠሁ አልረሳሁም። በቀይ እስክሪብቶ ሰማንያውን ሰረዝኩ። ስድስት መቶውን ሰረዝኩ። አርባውን ሰረዝኩ። «ሠ. ማወቅ አይቻልም» ብዬ አስገባሁ። ሃያ ሦስቱንም ይዤ መጋረጃውን ገለጥኩ።

«ማንኳኳት አታውቅም?»

«መጋረጃ ምኑ ይንኳኳል?» ልማድ ሆኖብኝ ነው። ካርዶቹን አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩ።

አንዱን አነሳች። ቢጫውን፣ አውቶቡሱን። አነበበች። ቀዩን ጭረት በጣቷ ነካችው። ሁለተኛውን አነሳች። ሦስተኛውን። ከዚያ በኋላ አላነበበችም፣ ቆጠረቻቸው።

«አንተ ነህ የጨመርከው?»

«ቦታ ስላልበቃኝ ነው። ደግሞ መጽሐፉ የተሳሳተ መስሎኝ። ደግሞ ...»

«ሃያ ሦስቱንም?»

«አዎ።»

«እኔ አብጃለሁ ብዬ ነው እኮ ያሰብኩት።» አልጮኸችም። ብትጮህ መልስ ነበረኝ። «ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ውጤት ስጽፍ ሁለቴ፣ ሦስቴ መመርመር ጀምሬአለሁ፤ እዚያም ከባዶ ቁጥር እጽፍ ይሆናል ብዬ። ይገባሃል? አንተ ስትስቅ እኔ ራሴን እፈራ ነበር።»

«አልሳቅኩም።»

«ውጣልኝ።»

ወጣሁ። እማ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጭንቅላቴን በመዳፏ መታ አድርጋ አለፈች፤ መምታት ይሁን መዳበስ አልለየሁትም።

ማክሰኞ፤ 11 ቀን

ደብዳቤው አልገባም። ቅርጫት ውስጥ ተቀዶ አየሁት። ከዚያ ውጪ ዜና የለም። እኔን አታናግረኝም። ጨው ስትፈልግ እማን «ጨው አቀብለኝ በይው» ትላታለች። ጨውን ለእማ እሰጣለሁ፣ እማ ለእሷ። እታለም ሰዓት የምትይዘው በራሷ ስልክ ነው፤ ደወሉ ቀጭን ነው፤ ማንንም አይቀሰቅስም።

ሱቅ ውስጥ ለሆቴሉ ኮሪደር ሰማያዊ ታዝዤ አረንጓዴ በጠበጥኩ። ጋሼ «ምን ነካህ አንተ ልጅ? ሦስት ቀን ሙሉ አልቀለድክብኝም፤ ታመሃል?» አሉኝ።

ሐሙስ፤ 9 ቀን

ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሃያ ሦስቱ ካርዶች ተደርድረዋል። እታለም እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። የፍርድ ቤት ቀልድ መጣልኝ፤ ዋጥኩት።

«ይቅርታ አላደረግኩልህም። ይሄ ሌላ ነገር ነው። እነዚህን መጽሐፉ ሲጽፋቸው በሚያታልል መንገድ ነው። ሙሉ ይመስላሉ። አንተ ግን መልሱን ገልጠህ ከማየትህ በፊት ነው ቁጥር እንደጎደላቸው ያየኸው?»

«አንዳንዱን ገና ሳነበው።»

«እንዴት?»

ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም፤ ተንተባተብኩ። በመጨረሻ ስለ ሱቅ ነገርኳት። ሰው ይመጣና «አንድ ባልዲ ፈዛዛ ሰማያዊ በጥብጥልኝ» ይላል። ጀማሪ ከሆንክ ወዲያው መበጥበጥ ትጀምራለህ። ቆይተህ ግድግዳው እንጨት ይሆናል፣ ወይ ውጭ ነው፣ ወይ ፈዛዛ ያለው የእሱ ፈዛዛ ሌላ ነው፤ ባልዲው ይበላሻል። ስለዚህ ባልዲውን ከመንካቴ በፊት በሐሳቤ በጥብጬ እጨርሰዋለሁ። መሃል ላይ እጄ የሚቆምበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ጋ ያልነገረኝ ነገር አለ ማለት ነው። እሱን እጠይቀዋለሁ።

«እጅህ የሚቆምበት ቦታ» አለች ቀስ ብላ። አንድ ካርድ አንስታ ዓይኗን ጨፈነች። «እሺ። መኪናው ወጣ። አውቶቡሱ ስልሳ ኪሎ ሜትር ቀድሞታል። በየሰዓቱ ይቀርበዋል፣ በ... በስንት?» ዓይኗን ገለጠች። «ቆመ።»

«አየሽ?»

«ዝም በል፣ ሌላ ስጠኝ።»

ሃያ ሦስቱንም ጨረስን። ከዚያ ከራሴ ፈጥሬ ሰጠኋት፤ ግማሹን ሙሉ፣ ግማሹን ጎዶሎ፣ እየደባለቅኩ። ሁለት ጊዜ ብቻ ተሳሳተች። ስንነሳ «ለምንድን ነው ግን ትምህርቱን ያቆምከው?» አለችኝ። ቆንጆ ስለሆንኩ ተማሪዎቹ ትኩረታቸው እየተሰረቀ ተቸገሩ አልኳት። አልሳቀችም። ጨው ግን ራሷ ጠየቀችኝ።

ዓርብ፤ 1 ቀን

በዚህ ሳምንት ሰባ ጥያቄ ፈጠርኩ። ጋሼን ገንዳ ውስጥ አስገብቼ በደቂቃ አምስት ሊትር ሞላሁባቸው፤ ፋርማሲስቱን በባቡር ላይ ጫንኩት፤ ድመታችን በዕድሜ የእማ ሩብ ሆነች። እታለም ከአርባ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ። አህያው ወደ ሥራው ተመልሷል።

ፈተናው ነገ ነው። አልተኛችም። እኔም። በመጋረጃው ማዶና ማዶ ሆነን ሁለታችንም የተኛን መስለን ተኝተናል።

ረቡዕ፤ ከፈተናው 18 ቀን በኋላ

ውጤት መጣ። ከአርባ ሠላሳ ሦስት። ሱቅ ደወለችልኝ፤ ለረጅም ጊዜ አፍንጫዋን ስትስብ ብቻ ነው የሰማሁት። ጋሼ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «የእኛ ልጅ አለፈች» ይላሉ፤ አይተዋት አያውቁም።

ያን ቅዳሜ ከፈተና ስትወጣ የነገረችኝን እዚህ አልጻፍኩም ነበር፤ አፍሬ። አሁን ልጻፈው። በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት ነበር።

«ስንት ነበሩ?» አልኳት።

«ምኖቹ?»

«ቁጥር የጎደላቸው።»

አሰበች። «ሁለት።»

«ሁለት ምን?»

«ሁለት ጥያቄ። የማሠልጠኛው ሰዎች ናቸው ያበዙት።»

ሁለት! ከአርባ ሁለት! እኔ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁት፣ አንድ ደህና የስኳር ዕቃ የሰበርኩት፣ ለሆቴሉ የኮሪደር ቀለም ያበላሸሁት ለሁለት ጥያቄ ነው። ሠላሳ ሦስት ሲቀነስ ሁለት ሠላሳ አንድ። ሁለቱንም ብትስት ታልፍ ነበር። ካርዶቹን ነካሁ አልነካሁ፣ ተናገርኩ አልተናገርኩ፣ ያን ያህል ለውጥ አልነበረውም። እንዲህ መሆኑን ባውቅ ይህን ሁሉ ገጽ አላጠፋም ነበር።

ማታ እማ ስታየኝ «ዓይንህ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ስለ እህትህ መሄድ ነው?»

«ሁለት ዓመት እኮ ነው እማ» አልኳት። «ትንሽ ነገር ነው።»

ነውም።